በሰው መታወቂያ የተጓዘው ፍሬድሪክ ዳግላስ

ውድ እህቶቼ፣ በዚህ ዕትም የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ እንድጽፍ ተራው የኔ ሆኗል። ብዙ ሰው አስቤ ነበር፤ ነገሥታትም ሯጮችም በሐሳቤ መጡ። በመጨረሻ ግን የመረጥኩት የኛን ችግር ቢያይ ማንም ሳያስረዳው የሚገባው የሚመስለኝን ሰው ነው። ስሙ ፍሬድሪክ ዳግላስ ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ባሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ በሌላ ሰው መታወቂያ አምልጦ፣ ስምንት ዓመት ያለ ወረቀት ኖሮ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት ቢሮ ገብቶ የተከራከረ ሰው ነው። ስለ ሕይወቱ ራሱ ሦስት መጻሕፍት ጽፏል። እኔ የመጀመሪያውን ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በስልኬ መዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ነው ያነበብኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኛ ባሪያዎች አይደለንም። ውል ፈርመን፣ ደሞዝ ተነግሮን፣ በአውሮፕላን ነው የመጣነው። እሱ ግን እንደ በግና እንደ ፈረስ በደብተር ተቆጥሮ የተመዘገበ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ነው ብል ግፍ ይሆንብኛል። ነገር ግን ሰውን በወረቀት አስሮ፣ በፍርሃት ይዞ፣ በርካሽ ማሠራት እንዴት እንደሆነ ከዚህ ሰው ሕይወት በላይ ያስረዳኝ የለም።

ሌሊት የምትመጣ እናት

ፍሬድሪክ የተወለደው ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት ታልበት አውራጃ ውስጥ ነው። ያኔ ስሙ ፍሬድሪክ ቤይሊ ነበር። የተወለደበትን ቀን አያውቅም። እኛስ መሐል በፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ዕድሜና እናቷ የምታውቀው ዕድሜ የማይገጥምላት ስንት አለች!

እናቱ ሃሪየት 12 ማይል ማለት ወደ 19 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ እርሻ ላይ ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ፣ ሲመሽ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ፣ ልጇን አቅፋ አስተኝታ፣ እሱ ሳይነቃ ትመለሳለች። ፀሐይ ስትወጣ እርሻው ላይ ካልተገኘች ጅራፍ ይጠብቃታል። በሕይወቱ ያያት አራት ወይ አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁሉም በጨለማ። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተች። ስትታመምም ስትቀበርም አጠገቧ አልነበረም። ያሳደገችው አያቱ ቤትሲ ናት። ልጅ ለእናታችሁ ትታችሁ የመጣችሁ እህቶች፣ ይህን ሳነብ እናንተን ነው ያሰብኩት። ልጁ ግን ያን የሌሊት መንገዷን እስኪያረጅ አልረሳላትም።

የባልቲሞሯ መዳም

በ1826 ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ባልቲሞር ወደምትባል የወደብ ከተማ፣ ሂዩ ኦልድና ሚስቱ ሶፊያ ቤት ተላከ። ሥራው ቶሚ የሚባለውን ትንሽ ልጃቸውን መጠበቅና መላላክ ነበር። ሞግዚት ነበር ማለት ነው እኮ!

ሶፊያ ከዚያ በፊት ባሪያ አሠርታ አታውቅም። ሳታገባ በፊት በሽመና ሥራ ራሷን ታስተዳድር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ልጁን እንደ ልጅ ነው ያየችው። ቀና ብሎ ዓይኗን ሲያይ አልተቆጣችም። ፊደልም ልታስተምረው ጀመረች። ባልዬው ይህን ሲሰማ በጣም ተቆጣ። ባሪያ ማንበብ ከቻለ ከዚያ ወዲያ ለባለቤቱ አይሆንም ብሎ ከለከላት። ትንሹ ፍሬድሪክ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጌታው ይህን ያህል የፈራው ነገር ለኔ ይጠቅመኛል ማለት ነው ብሎ ያዘው።

ሶፊያም ከዚያ በኋላ ተለወጠች። ባሏ ከልክሏት ብቻ ሳይሆን ራሷ ከሱ ባሰች፤ ልጁ እጅ ላይ ጋዜጣ ካየች ሮጣ ትነጥቃለች። እህቶቼ፣ እንዲህ ያለችውን መዳም ሳናውቃት አንቀርም አይደል? በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ ትልሻለች፣ በሦስተኛው ወር ስልክሽን ትደብቃለች። እሱ ስለ ሶፊያ ሲጽፍ ክፉ ተወልዳ ሳይሆን በሰው ላይ ያለ ልክ ሥልጣን ተሰጥቷት እንደተበላሸች ነው የሚናገረው። ይህ እኔን ብዙ አሳስቦኛል። ጥሩ መዳም የደረሳትም መጥፎ መዳም የደረሳትም በዕድል ነው የምትኖረው። ዕድል ደግሞ ሕግ አይደለም።

ልጁ ትምህርቱን አልተወም። ለመላላክ ሲወጣ ከቤት ዳቦ ይይዝና መንገድ ላይ ለተራቡ የነጭ ድሃ ልጆች እየሰጠ፣ እነሱ ደግሞ ማንበብ ያስተምሩታል። መጻፍን የለመደው መርከብ የሚሠራበት ቦታ አናጢዎች በሳንቃው ላይ ከሚያደርጉት የፊደል ምልክት ነው። በኋላም ጫማ ጠርጎ ባገኘው 50 ሳንቲም አንድ መጽሐፍ ገዛ።

አቤቱታ የተመለሰበት ቀን

በ1833 ወደ ገጠር፣ ሕጋዊ ባለቤቱ ወደሆነው ወደ ቶማስ ኦልድ ተመለሰ። ቶማስ ልጁ አልታዘዝ አለኝ ብሎ በ1834 ለአንድ ዓመት ኤድዋርድ ኮቪ ለሚባል ገበሬ አከራየው። ኮቪ የታወቀው አንገተ ደንዳና ባሪያዎችን በመስበር ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሳይገርፈው ያለፈ ሳምንት አልነበረም።

አንድ ቀን በነሐሴ ሙቀት እህል ሲያበጥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ኮቪ ረግጦ፣ ጭንቅላቱን በእንጨት መትቶ አደማው። ፍሬድሪክ ደሙ በላዩ ላይ እንደደረቀ ጫካ ለጫካ ሄዶ ለባለቤቱ ለቶማስ ኦልድ አቤት አለ። ቶማስ ምን ያደርጋል? ዓመቱ ሳያልቅ ካወጣሁህ ኪራዩን አጣለሁ ብሎ መለሰው። እህቶቼ፣ ይህችን ቦታ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ተደብድባ ወደ አስመጪው ቢሮ የሄደች ልጅ፣ ኮንትራትሽ አላለቀም ተብላ ወደዚያው ቤት ስትመለስ የስንቷን ታሪክ ሰምተናል!

ሲመለስ ኮቪ ሊያስረው ገመድ ይዞ መጣ። ያን ቀን የ16 ዓመቱ ልጅ እጁን አልሰጠም። ሁለት ሰዓት ያህል ተናነቁ። ኮቪ ከዚያ በኋላ ጣቱን አላነሳበትም፤ ባሪያ ሰባሪ የሚለውን ስሙን እንዳያጣ ለማንም አልተናገረም። ይህን የምጽፈው ተደባደቡ ለማለት አይደለም። እዚህ ያለነው እስር ቤቱንና የአየር መንገዱን እናውቃለን። ግን ያ ልጅ አቤት ያለበት በር ሁሉ ስለተዘጋበት ነው እዚያ የደረሰው፤ ይህ መታወቅ አለበት።

በ1836 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በጀልባ ለማምለጥ አሰቡ። ባሪያ ያለ ጌታው ፈቃድ ወረቀት መንገድ ላይ ከተገኘ ይያዛል። ስለዚህ መጻፍ የሚችለው ፍሬድሪክ የሁሉንም የይለፍ ወረቀት ራሱ ጻፈው። ነገሩ ወጣና ሳይነሱ ተያዙ። የሱን ወረቀት እሳት ውስጥ ጣለው፤ ጓደኞቹ የነሱን እየታሰሩ ሲሄዱ ከብስኩት ጋር ዋጡት። ማስረጃ ጠፋ። ወረቀት ሲገኝም ሲታጣም የሚያሳስር ዓለም ነበር። ቶማስ ኦልድ ወደ ደቡብ ርቆ ሊሸጠው ይችል ነበር፤ ከእስር አውጥቶ ግን ወደ ባልቲሞር መለሰው።

በሳምንት ሦስት ዶላር

ባልቲሞር በመርከብ መሥሪያ ቦታ ሙያ ተማረ። ሥራው በመርከቡ ሳንቃዎች መካከል ያለውን ክፍተት በቃጫና በዝፍት መድፈን ነው። እዚያ አራት ነጮች ተባብረው ደበደቡት፤ ዓይኑ ሊጠፋ ነበር። ሂዩ ኦልድ ወደ ዳኛ ይዞት ሄደ። ዳኛው ያየ ነጭ ምስክር ከሌለ ምንም ማድረግ አልችልም አለ። ብዙ ነጮች አይተዋል፤ የሚመሰክር አልተገኘም። የጥቁር ቃል ደግሞ በነጭ ላይ አይቆጠርም። በዝግ ቤት ውስጥ ለተደረገብን ነገር ምስክር አምጡ ስንባል የሚሰማን ይኸው ነው።

ሙያውን ሲጨርስ በቀን አንድ ዶላር ተኩል ማግኘት ጀመረ። ሳምንቱ ጥሩ ሲሆን እስከ 9 ዶላር ይደርሳል። ቅዳሜ ማታ ግን እያንዳንዷን ሳንቲም ለሂዩ ኦልድ ያስረክባል። ስድስት ዶላር ሙሉ ሲያመጣ ጌትዬው አንዳንዴ ስድስት ሳንቲም ይሰጠዋል፣ እንዲበረታ ብሎ! ፍሬድሪክ ያቺን ስድስት ሳንቲም ሲቀበል ይብስ ይናደድ ነበር። ሙሉው የኔ መሆኑን ባያውቅ ኖሮ ለምን ይሰጠኛል ይላል።

በ1838 አዲስ ውል ተስማሙ። ራሱ ሥራ ይፈልጋል፣ ራሱ ቤት ይከራያል፣ ልብሱንና የሥራ ዕቃውን ራሱ ይገዛል፣ ይበላል ይጠጣል፤ ለሂዩ ኦልድ ግን በየሳምንቱ ሦስት ዶላር ይከፍላል። ዝናብ ዘነበ፣ ሥራ ጠፋ፣ ታመመ፣ ሦስቷ ዶላር አትቀርም። ኑሮውም ሌላ ሦስት ዶላር ይፈጃል። ስድስት ዶላር ያላገኘበት ሳምንት ዕዳ ነው።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ይህ ፍሪ የምንለው አይደለም ወይ? ስሙን ብቻ የሚያውስ ከፊል፣ በየዓመቱ ገንዘብ የሚቀበል፣ አንድም ቀን ያላሠራሽ፣ አንድም ቀን ያላበላሽ፣ ስትታመሚ የማያውቅሽ፣ ከዘገየሽበት ግን ኢቃማሽን የሚያሰርዝ! ፍሬድሪክ በነጻነት ስም የባርነቱን ሸክምም የነጻ ሰውን ወጪም አብሮ ተሸከመ። እንዲያም ሆኖ ወደደው፤ ቢያንስ ጠዋት ወጥቶ በፈለገው መንገድ ይሄዳል። እኔም ፍሪ የወጡ እህቶች ያ ሁሉ ዕዳ እያለባቸው ለምን ወደ ቤት ሥራ እንደማይመለሱ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ክፍያውን ሳያደርስ ከከተማ ውጭ ወደሚደረግ ጉባኤ ሄዶ አንድ ቀን ዘገየ። ሂዩ ኦልድ ውሉን አፈረሰው። ከዚያ በኋላ ፍሬድሪክ ለማምለጥ ቀን ቆረጠ፤ ሴፕቴምበር 3። እንዳይጠረጠር በርትቶ ሠርቶ 9 ዶላር አመጣለት። ሂዩ ደስ ብሎት 25 ሳንቲም ሸለመው።

የቤት ሠራተኛዋ አና

አሁን ወደምወዳት ሰው ደረስኩ። አና መሪ ትባላለች። ጥቁር ናት፣ ግን ነጻ ሆና ነው የተወለደችው። ሥራዋ በባልቲሞር የቤት ሠራተኛ ነው፤ ልክ እንደኛ። ማንበብ አትችልም። ከፍሬድሪክ ጋር ተዋደዱ። የማምለጫውን ወጪ የሸፈነው በሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ልጃቸው በኋላ እንደጻፈችው፣ ለዚሁ ጉዳይ የላባ ፍራሿን እንኳን ሸጣለች። ታሪክ ስሙን የሚያወድሰው ሰው የተሳፈረበት ቲኬት በቤት ሠራተኛ ደሞዝ የተገዛ ነው!

ጥቁር መንገደኛ በባቡር ሲሄድ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። ፍሬድሪክ የለውም። አንድ ነጻ ጥቁር መርከበኛ ግን የራሱን መታወቂያ አዋሰው። ከላይ የአሜሪካ ንስር ታትሞበታል። ችግሩ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልክ ከሱ ጋር አይገጥምም፤ የወረቀቱ ባለቤት ከሱ በጣም የጠቆረ ነው። ቢያዙ ሁለቱም ያልቃሉ። ሰውየው ይህን እያወቀ ነው የሰጠው።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 ሰኞ ነበር። ፍሬድሪክ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ ቲኬት መስኮቱ ላይ እንዳይመረመር ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘሎ ገባ። ተቆጣጣሪው መጣ። የሌሎቹን ጥቁሮች ወረቀት በደንብ አየ። እሱ ጋ ሲደርስ የመርከበኛ ልብሱንና ንስሩን አይቶ አለፈ። ወንዙ ላይ በጀልባ ሲሻገሩ የሚያውቀው ሰው አጋጠመውና ጥያቄ አበዛበት። ሌላ ባቡር ውስጥ ደግሞ አንድ ጀርመናዊ አንጥረኛ ትክ ብሎ አየው። ሰውየው አውቆታል፤ ግን ምንም ሳይናገር ዝም አለ። ያ ዝምታ የአንድ ሰው ሕይወት ነው። በባቡርና በመርከብ እየተቀያየረ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ኒው ዮርክ ገባ።

ማንን ልመን?

አመለጠ፣ ተገላገለ እንዳትሉ። ኒው ዮርክ ባርነት የለም፤ አሳዳጊና ጠቋሚ ግን ሞልቷል። ገና እንደደረሰ ከባልቲሞር የሚያውቀው አንድ ሌላ አምላጭ መንገድ ላይ አገኘውና ማንንም እንዳታምን፣ የኛው ጥቁሮች ውስጥም ለጥቂት ዶላር የሚሸጡህ አሉ ብሎ አስጠነቀቀው። እሱንም ፈርቶት ፈጥኖ ተለየው። ፍሬድሪክ ገንዘቡ አለቀ፤ ወደብ ላይ በበርሜሎች መካከል አደረ። በሺህ የሚቆጠር ሰው መሐል ሆኖ የሚያናግረው አልነበረም። ከአሠሪ ቤት በሌሊት የወጣች እህት ይህን ሌሊት ታውቀዋለች።

በመጨረሻ አንድ መርከበኛ አዘነለትና ዴቪድ ራግልስ ወደሚባል ጥቁር ሰው ቤት ወሰደው። ራግልስ የመጡትን አምላጮች የሚደብቅ፣ የሚመግብ፣ የሚያሻግር ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር። አናም ተጠርታ መጣች፤ ሴፕቴምበር 15 ተጋቡ። ያጋባቸው ቄስ ጄምስ ፔኒንግተን ራሱ ያመለጠ ባሪያ ነበር። ከዚያ ኒው ቤድፎርድ ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄዱ። ስሙንም ቀየረ፤ ዳግላስ የሚለው ስም እዚያ የወጣለት ነው።

በኒው ቤድፎርድ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ አንድ ቤት ደጅ ላይ የተራገፈ የድንጋይ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ነበር። የቤቱ እመቤት ሁለት ግማሽ ዶላር በእጁ አስቀመጠችለት። ቅዳሜ ሲመጣ ይህን የሚነጥቀኝ የለም ብሎ ሲያስብ የተሰማውን ደስታ በመጽሐፉ ጽፎታል። ሙያው ግን አልጠቀመውም። መርከብ በመድፈን በቀን 2 ዶላር ሊያገኝ ሲል ነጮቹ ሠራተኞች ጥቁር ከገባ ሥራ እናቆማለን አሉ። ስለዚህ በ1 ዶላር እንጨት ፈለጠ፣ ከሰል ተሸከመ፣ ጉድጓድ ቆፈረ። ያለ ወረቀትና ያለ ወገን የሆነ ሰው ሙያው በግማሽ ዋጋ ነው የሚሸጠው።

የተገዛው ወረቀት

በ1841 በአንድ የፀረ ባርነት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለ ራሱ ተናገረ። ሰው ተደነቀ። ከዚያ ወዲያ ከተማ ለከተማ እየዞረ የሚናገር ሆነ። ንግግሩ ስላማረ ግን ይህ ሰው ባሪያ አልነበረም፣ ውሸቱን ነው የሚሉ መጡ። እሱም በ1845 መጽሐፉን አወጣ፤ የጌቶቹን ስም፣ ቦታውን፣ ሁሉን በስሙ ጠራ። አንድ ነገር ብቻ ደበቀ። እንዴት እንዳመለጠ አልጻፈም። መንገዱን ብናገር ለሚከተሉኝ ይዘጋባቸዋል፣ የረዱኝም ይታሰራሉ ብሎ ነው። ሙሉውን በመጽሐፍ ያወጣው ባርነት ከቀረ በኋላ በ1881 ነው። እዚህ ላይ እህቶቼ ልብ በሉ፤ እገሊት በዚህ በኩል ወጣች፣ እገሊት እዚህ ቤት ናት እያልን በየስልኩ የምናወራ ካለን ከዚህ እንማር።

በሕጉ ፊት ግን አሁንም የኦልድ ንብረት ነበር። መጽሐፉ አድራሻውን ስለነገረባቸው ሊይዙት ይችላሉ። ስለዚህ በዚያው ዓመት ባሕር ተሻግሮ ወደ አየርላንድና ብሪታንያ ሄደ። አና ልጆቿን ይዛ ቀረች፤ ለጫማ ፋብሪካ ጫማ እየሰፋች ቤቷን አቆመች። ሁለት ዓመት ሊሞላው እስኪል አልተመለሰም። በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ሴቶች፣ ኤለንና አና ሪቻርድሰን፣ ገንዘብ አሰባሰቡ። 150 ፓውንድ፣ ማለት 711 ዶላር ገደማ ለሂዩ ኦልድ ተከፈለና በዲሴምበር 1846 የነጻነት ወረቀቱ ተፈረመ።

ታዲያ ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ ተቃወሙ። ሰው አይሸጥም እያልን እንዴት ለሻጭ እንከፍላለን አሉ። እሱ ግን ነጻ የተወለደ ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል፣ በሌሊት በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው እኔ ነኝ ብሎ ነው የተቀበለው፤ ክፍያው ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ቀማኛ የያዘውን ለማስለቀቅ ነው። ለከፊል ከፍላ መልቀቂያ ወይም ኢቃማ ያወጣችን እህት ለምን ከፈልሽ ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

በ1847 ተመልሶ ሮቸስተር ከተማ ተቀመጠና የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ። በ1850 ያመለጡ ባሪያዎችን የሚመለከት ከባድ ሕግ ወጣ። የተያዘው ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይፈቀድለትም። ያስጠጋው ሰው እስከ 1000 ዶላር ይቀጣል፣ ስድስት ወር ይታሰራል። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ደግሞ ሰውየውን ለባርነት ካስረከበ 10 ዶላር፣ ከለቀቀ 5 ዶላር ይከፈለዋል! በዚህ ሁሉ መሐል የዳግላስ ቤት ወደ ካናዳ ለሚያልፉት መጠለያ ነበር። ሌሊት በር ሲንኳኳ እሱ ንግግር ላይ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ተነሥታ እሳት የምታነደው፣ የምታበላው፣ የምታስተኛው አና ናት።

ጦርነቱ ሲነሣ ጥቁሮች እንዲዘምቱ ቀሰቀሰ፣ ሁለት ልጆቹም ዘመቱ። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ለጥቁሩ 10 ዶላር ይባልና ከሷም 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥ ነበር። ዳግላስ በ1863 ፕሬዚዳንት ሊንከን ዘንድ ገብቶ ስለ ደሞዙ ተከራከረ። በ1864 እኩል እንዲከፈል በሕግ ተወሰነ። በ1865 ባርነት በአሜሪካ ቀረ።

በ1877 ሽማግሌ ሆኖ የታመመውን ቶማስ ኦልድን ሊጠይቅ ሄደ። ከጠየቀው ነገር አንዱ የተወለደበትን ቀን ነው። ቶማስ ቀኑን አላወቀም፤ በፌብሩዋሪ 1818 ይመስለኛል አለው። ከብዙ ዘመን በኋላ የድሮው ጌታ ደብተር ሲገኝ እውነት ሆኖ ተገኘ። አና በ1882 አረፈች። እሱ በሃይቲ የአሜሪካ ተወካይ ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895 በዋሽንግተን የሴቶች መብት ስብሰባ ውሎ ቤቱ ሲገባ ልቡ ቆሞ ሞተ።

ለኛስ?

እዚህ ሊባኖስ የሠራተኛ ሕጉ የወጣው በ1946 ነው፤ የቤት ሠራተኛን ከመጀመሪያው ከሕጉ አስወጥቷታል። ከቤት ከወጣሽ ጠፋች ተብለሽ ትመዘገቢያለሽ፣ ኢቃማሽ ይወድቃል። ፓስፖርቱ መዳሟ ዘንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ትንሽ ነው። አንድም ቅጣትና መሸኛ ከፍሎ ወደ አገር መመለስ፣ አንድም የድሮው ከፊል ፈቅዶ ሌላ ከፊል ማግኘት፣ አንድም ተደብቆ በተሰጠው ዋጋ መሥራት። በ2020 ገንዘቡ ሲወድቅ ስንቶች ያለ ደሞዝ፣ ያለ ፓስፖርት ቤሩት ባለው ቆንስላ በር ላይ ተጥለው አየን። በ2024 ጦርነት ደግሞ ቤተሰቡ ሸሽቶ ሠራተኛዋ ቤት ውስጥ የቀረችበት ነበር። ወረቀት የሌላት ኬላውን ፈርታ መሸሽ እንኳን ከበዳት።

እኔ ውጡም ቆዩም አልልም። የያንዳንዷን ቤት የምታውቀው ራሷ ናት። ከዳግላስ ሕይወት የያዝኩትን ግን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጌታው የፈራው ማንበቡን ነው። ፓስፖርትሽንና ኢቃማሽን፣ ኮንትራትሽንም ፎቶ አንሺ፤ ለምታምኛት ሰው ላኪ። ያልተከፈለሽን ወር በቀኑ ጻፊ። ሁለተኛ፣ ማንም ብቻውን አላመለጠም። መርከበኛው፣ ዝም ያለው አንጥረኛ፣ ራግልስ፣ የኒውካስል ሴቶች፣ ከሁሉም በፊት አንዲት ማንበብ የማትችል የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሦስተኛ፣ ወረቀት የሌላት እህት በርካሽ የምትሠራው ሥራዋ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ስለፈራች ነው። ፍርሃቷን የሚጨምር ወሬ ከኛ አይውጣ፤ እሷን አስጠግቶ ግማሽ ደሞዟን የሚወስድ ደላላም ከኛ መሐል አይገኝ።

ክፍል ተከራይታችሁ በጋራ የምትኖሩ እህቶች፣ ለድንገተኛ የምትመጣ ልጅ አንድ ፍራሽና አንድ ብርድ ልብስ ትርፍ ይኑራችሁ። ወጪው ከከበዳችሁ እሁድ ስንገናኝ ንገሩን፣ ተካፍለን እንገዛዋለን። እስከሚቀጥለው ዕትም በሰላም ቆዩልኝ።